ሙዚቃ ቤት ውስጥ እየሠሩ አልበምን ከዳር እስከ ዳር ማዳመጥ

ይህ መመሪያ የተዘጋጀው ጎንደር ውስጥ በሙዚቃ ቤት ተቀጥረው ለሚሠሩ ወይም የራሳቸውን ሙዚቃ ቤት ለከፈቱ ሰዎች ነው። ዓላማው ሥራ ሳይጓደል፣ ደንበኛም ሳይከፋ፣ በቀን ቢያንስ አንድ አልበም ከመጀመሪያው ዘፈን እስከ መጨረሻው በቅደም ተከተሉ አዳምጦ መጨረስ የሚቻልበትን አሠራር ማሳየት ነው። ቀኑን ሙሉ ሙዚቃ ሲንቆረቆርበት በሚውል ቤት ይህ መመሪያ የሚያስፈልገው አይመስልም ይሆናል። ነገር ግን ደንበኛ ሲገባ የታወቀውን ዘፈን መክፈት፣ ሲወጣ ወደ ሌላ መዝለል ልማድ ሆኖ ስለቆየ፣ ብዙው ሻጭ የመቶ አልበም መክፈቻ ዘፈን ያውቅና የአንዱንም አልበም ስምንተኛ ዘፈን አያውቅም። ደንበኛው ፈልጎ የሚመጣው ደግሞ ብዙ ጊዜ ያንኑ ስምንተኛውን ነው።

በመጀመሪያ የቀኑን ሥራ ይለዩ

አሠራሩ የሚጀምረው አልበም ከመምረጥ ሳይሆን ሥራን ከመለየት ነው፤ በሙዚቃ ቤት የሚሠራው ሥራ ሁሉ ለማዳመጥ እኩል አይመችምና። አቧራ መጥረግ፣ ካሴትና ሲዲ በዘፋኝ ስም መደርደር፣ የተላቀቀ ሽፋን መለጠፍ፣ የላላ ካሴት በእርሳስ መጠቅለል እጅን እንጂ ሐሳብን አይዙም። ግጥም ያለው አልበም ለእነዚህ ሥራዎች ይሁን። ገንዘብ ሲቆጥሩ፣ የዱቤ መዝገብ ሲጽፉ ወይም የመጣ ዕቃ ከደረሰኝ ጋር ሲያመሳክሩ ግን የዘፋኙ ቃል ከቁጥሩ ጋር እየተጋጨ ሁለቱንም ያበላሻል፤ ለእነዚያ ሰዓቶች በመሣሪያ ብቻ የተሠራ አልበም ይምረጡ። ሙላቱ አስታጥቄ እ.ኤ.አ. በ1972 ያወጣው «ሙላቱ ኦቭ ኢትዮጵያ» ሰባት ሥራዎችን ብቻ የያዘና ግማሽ ሰዓት የማይሞላ ስለሆነ ለጠዋት የሣጥን ቆጠራ የተለካ ያህል ይመቻል። ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 አኮርዲዮኑን ከኪቦርድ ጋር አዋሕዶ የሠራው «ሸሞንሟናዬ»ም ለዚሁ ሥራ ጥሩ ነው፤ ዜማዎቹ ከልጅነት ጀምሮ የሚታወቁ ስለሆኑ ግን ቆጣሪው ሳያስበው አብሮ እንዳያንጎራጉርና ቁጥሩ እንዳይጠፋበት መጠንቀቅ አለበት።

ቀጥሎ ሰዓቱን ይምረጡ። በፒያሳና በአራዳ አካባቢ ላለ ሱቅ ለማዳመጥ የሚመቹት ሁለት ጊዜያት ናቸው፤ አንዱ ሱቁ ተከፍቶ ተጠርጎ እስከ ረፋዱ 4 ሰዓት ያለው ሲሆን፣ ሌላው ሰው ለምሳ ሲገባ ከ6 ሰዓት ተኩል እስከ 8 ሰዓት ያለው ነው። ከ11 ሰዓት በኋላ ተማሪውም ሠራተኛውም ወደ መሃል ከተማ ስለሚወጣ ሙሉ አልበም ለመጨረስ መሞከር ራስን ማድከም ነው። ቅዳሜ የገበያ ቀን ስለሆነ ከደምቢያና ከወገራ የሚመጣው ሰው በአንድ ጊዜ ይገባል፤ በዚያ ቀን የደንበኛውን ምርጫ ያጫውቱ፣ የራስዎን አልበም ለሰኞ ያቆዩት። በጥምቀት ሰሞን፣ በተለይ ከጥር 9 እስከ 12 ባሉት ቀናት፣ ስለ አልበም ማሰብ ራሱ ቅንጦት ነው።

አልበምና ስብስብን አይቀላቅሉ

መደርደሪያው ላይ አልበም መስለው የተቀመጡት ሁሉ አልበም አይደሉም። አንድ ዘፋኝና አንድ ባንድ በአንድ ወቅት አስበው፣ የዘፈኖቹን ተራ ወስነው ያወጡት ሥራ አለ፤ ከተለያዩ ዓመታት ሸክላዎች ተለቅሞ በኋላ በሌላ ሰው የተሰበሰበም አለ። በአገራችን የሸክላ ዘመን፣ አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ ሪከርድስን ከመሠረተ በኋላ በነበሩት ዓመታት ጭምር፣ አብዛኛው ሥራ የወጣው በአንድ ገጽ አንድ ዘፈን በሚይዙ ትናንሽ ባለ 45 ዙር ሸክላዎች ነው። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ያዘጋጃቸው የ«ኢትዮጲክስ» ተከታታይ ሲዲዎችም ብዙዎቹ ከእነዚህ ሸክላዎች የተሰበሰቡ ናቸው። ስብስብን ማቋረጥና ከመሃል መጀመር ብዙ አያጎድልም፤ ተራውን ያወጣው ዘፋኙ አይደለምና። በካሴት ዘመን የተሠራ አልበም ግን የመጀመሪያው ገጽ የሚዘጋበትና ሁለተኛው የሚከፈትበት ዘፈን ታስቦበት የተቀመጠ ነው። ስለዚህ ሰዓት ሲያጥርዎ ስብስብ፣ ሰዓት ሲኖርዎ አልበም ያጫውቱ።

ለጀማሪ የምመክረው ከከተማው እንዲጀምር ነው። አስቴር አወቀ የተወለደችው ጎንደር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1989 እና በ1991 በውጭ ኩባንያ የወጡት «አስቴር» እና «ካቡ» በሙሉ ባንድ የተሠሩ፣ ነፋስ መሣሪያውና ድምፅዋ ተለይተው የሚሰሙባቸው አልበሞች ናቸው። ጎንደር ውስጥ ሙዚቃ ሸጦ የሚኖር ሰው የእርሷን አልበሞች ከነተራቸው አለማወቁ ከደንበኛ ፊት ያሳፍራል።

ማጫወቻውን ከማብራትዎ በፊት

ድምፅ ማጉያውን የት እንደሚያስቀምጡ መወሰን ከማጫወቻው ዋጋ ይበልጣል። በከተማችን ያለው ልማድ ስፒከሩን በር ላይ አቁሞ ፊቱን ወደ መንገድ ማዞር ነው፤ አንዳንዱ ሙዚቃ ቤት ሞንታርቦ አውጥቶ ከባጃጁ ጥሩንባ ጋር ይፎካከራል። እንዲህ ሲሆን በመንገዱ ላይ ያለው ሰው ጩኸቱን፣ ባንኮኒው ጀርባ ያለው ሻጭ ደግሞ ከግድግዳ የተመለሰ ጉምጉምታ ብቻ ያገኛል። ሁለቱን ስፒከሮች ከባንኮኒው ትይዩ፣ በተቀመጡበት ጊዜ ከጆሮ ከፍታ ጋር እንዲስተካከሉ አድርገው፣ ከግድግዳው አንድ ክንድ ያህል አርቀው ያስቀምጡ። ሸክላ ማጫወቻው ስፒከሩ ባለበት መደርደሪያ ላይ ፈጽሞ አይቀመጥ፤ ንዝረቱ በመርፌው በኩል ተመልሶ ይገባና ያጓራል።

የድምፁን መጠን ለመወሰን መሣሪያ አያስፈልግም። ከባንኮኒው ማዶ ከቆመ ሰው ጋር ድምፅ ሳያነሱ መነጋገር ካልቻሉ በዝቷል ማለት ነው። በሥራ ቦታ ለ8 ሰዓት የሚፈቀደው የድምፅ መጠን 85 ዴሲቤል እንደሆነ የጤና ባለሙያዎች ይገልጻሉ፤ ከዚያ በላይ በየ3 ዴሲቤሉ የሚፈቀደው ሰዓት በግማሽ ይቀንሳል። ማታ ቤት ሲገቡ ጆሮዎ የሚጮኽ ከሆነ ቀኑን ሙሉ ያዋሉት ድምፅ ከልክ አልፏል። በኤርፎን ማዳመጥ ሱቁ ባዶ በሆነበት ሰዓት ብቻ፣ ያውም በአንድ ጆሮ ይሁን፤ ሁለቱንም ጆሮውን ደፍኖ የተቀመጠ ሻጭ ፊት የቆመ ደንበኛ ሁለተኛ አይመለስም።

መብራት ደግሞ ሳይታሰብ ይሄዳል። ካሴት እየተጫወተ መብራት ቢጠፋ ወዲያውኑ የማቆሚያውን ቁልፍ ይጫኑ፤ አለበለዚያ የጎማው ተሽከርካሪ ክሩን ተጭኖ ይቆይና ምልክት ይተውበታል፣ መብራቱ ሲመለስም ቴፑ ካሴቱን ሊበላው ይችላል። ሸክላ ከሆነ ክንዱን በእጅ አንሥተው ወደ ማረፊያው ይመልሱ። ከዚያም አምፕሊፋየሩን ከሶኬት ይንቀሉ፤ መብራት ሲመጣ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ኃይሉ ከፍና ዝቅ ስለሚል ስታቢላይዘር የሌለው ቤት ትንሽ ታግሦ ቢሰካ ዕቃው ይተርፍለታል። የተቋረጠውን ዘፈን ከተቋረጠበት ሳይሆን ከመጀመሪያው ያስነሡት።

እንደየዕቃው የሚለያየው አያያዝ

በካሴት ማዳመጥ ለሠራተኛ ከሁሉም የተሻለ ነው ባይ ነኝ። 60 ደቂቃ የሚይዘው ካሴት በአንድ ገጽ 30 ደቂቃ ስለሚሄድ አንድ ሙሉ መደርደሪያ ተራግፎ፣ ተወልውሎ፣ ተመልሶ እስኪደረደር እጅ አይፈልግም፤ ዘፈን መዝለልም አስቸጋሪ ስለሆነ ተራውን ያስከብራል። ባለ 90 ደቂቃው ክሩ የቀጠነ በመሆኑ በቶሎ ይሳባል፤ ከማጫወትዎ በፊት በእርሳስ አንድ ሁለት ዙር አጥብቁት። ድምፁ እንደ ታፈነ ሆኖ ቢሰማ ጥፋቱን በካሴቱ ላይ ከማላከክ በፊት ሄዱን፣ ማለትም ክሩን እየነካ ድምፁን የሚያነበውን የቴፑን ክፍል፣ ይመልከቱ፤ በአልኮል በራሰ ጥጥ ሲያሹት ጥጡ ላይ ቡናማ ዝቃጭ ከወጣ የታፈነው እርሱ ነው። ክሩ መሄድ ያለበት በሴኮንድ 4.76 ሳንቲ ሜትር ሲሆን፣ ባትሪ ሲደክም ወይም ቀበቶው ሲላላ ፍጥነቱ ይቀንስና የሴቷ ድምፅ የወንድ ይመስላል። እንዲህ ባለ ቴፕ የተደመጠን አልበም በማስታወሻ ላይ «ድምፁ ወፍራም» ብሎ መመዝገብ ዘፋኙን መበደል ነው።

ሸክላን በተመለከተ ዋናው ጥያቄ ስፋቱ ነው። ትልቁ ባለ 33 ከ1/3 ዙር ሸክላ በአንድ ገጽ 20 ደቂቃ ያህል ይሄዳል፤ ትንሹን ባለ 45 ዙር ግን በየአራት ደቂቃው እየተነሡ መገልበጥ ግድ ስለሆነ ሱቅ ለሚጠብቅ ሰው አይሆንም። ባለ 45ቱን ለምሳ ሰዓት ያስቀምጡትና ከማጫወቻው አጠገብ ተቀምጠው የሚሠሩት ሥራ ሲኖር ያውጡት። መሃሉ ሰፊ ቀዳዳ ከሆነ ማስተካከያ ክቡ ካልገባበት ሸክላው እየተንሸራተተ ድምፁን ያወላግደዋል። ሸክላን በጠርዙና በመሃል ወረቀቱ ብቻ ይያዙ። መርፌው ሲዘል ክንዱ ላይ ሳንቲም የመጫን ልማድ በብዙ ቦታ ይታያል፤ መዝለሉ ለጊዜው ይቆም ይሆናል፣ ነገር ግን የከበደው መርፌ መስመሩን እየፋቀ ይሄዳል፣ የተፋቀ መስመር ደግሞ አይመለስም። ይልቁንስ ሸክላውን በለስላሳ ብሩሽ ያጽዱ፣ ማጫወቻው የተቀመጠበት ጠረጴዛ ትክክል መሆኑን ይመልከቱ፣ ክብደቱንም መርፌው በሚፈልገው ልክ፣ ብዙውን ጊዜ ከ1.5 እስከ 3 ግራም ባለው መካከል ያስተካክሉ። በበጋ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በመስኮት የምትገባበት ቦታ ላይ ሸክላ አይተዉ፤ ይጣመማል። በክረምት ደግሞ እርጥበቱ ሽፋኑን ስለሚያሻግተው ከሲሚንቶ ወለል ከፍ ይበል።

ሲዲ ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም፤ ከመሃል ወደ ዳር በቀጥታ ይጥረጉት፣ በክብ አያሹት።

ችግር ያለው ፍላሽና ሜሞሪ ላይ ነው። እዚያ ላይ አልበም ሲገለበጥ የዘፈኖቹ ተራ ብዙ ጊዜ ይጠፋል። ማጫወቻው ፋይሎቹን የሚደረድረው በስማቸው ፊደልና ቁጥር ስለሆነ፣ 1 ብሎ የጀመረ አልበም ቀጥሎ 10ን፣ ከዚያ 2ን ያጫውታል፤ ቁጥር ከሌለው ደግሞ በርዕሱ የመጀመሪያ ፊደል ይሄዳል። መፍትሔው አልበሙን ሲያስገቡ የካሴቱን ወይም የሲዲውን ሽፋን ከፊት አድርጎ እያንዳንዱን ፋይል 01፣ 02፣ 03 እያሉ መሰየም ነው። የዘፈኖቹን ተራ የሚያደባልቀውን ቁልፍም ያጥፉ። ይህን ያህል ተጨንቆ የሚያስተካክል ሻጭ ጥቂት ነው፤ ስለዚህም በፍላሽ ብቻ ሙዚቃ የሚያውቅ ትውልድ የብዙዎቹን አልበሞች ትክክለኛ መክፈቻ ሰምቶት አያውቅም። ለደንበኛ ፍላሽ ላይ መጫንን በተመለከተ ደግሞ የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 እና ማሻሻያው ቁጥር 872/2007 እንዳሉ መዘንጋት አይገባም፤ ያለባለመብቱ ፈቃድ አባዝቶ መሸጥ በሕግ ያስጠይቃል።

ደንበኛ ሲገባ

አልበምን ከዳር እስከ ዳር ማዳመጥ የሚፈርሰው እዚህ ላይ ነው፤ ስለዚህ ሥርዓት ያስፈልገዋል። ደንበኛ ሲገባ ሙዚቃውን አያጥፉ፣ ዝቅ ያድርጉት። ዝም ብሎ መደርደሪያ እያየ ከሆነ አልበሙ ይቀጥል፤ ብዙ ጊዜም «ይሄ የማን ነው?» የሚለው ጥያቄ የሚመጣው ሻጩ ለመሸጥ አስቦ ከከፈተው ዘፈን ሳይሆን በራሱ ተራ ከደረሰው ነው። ሌላ ዘፈን እንዲከፈትለት ከጠየቀ ያለማንገራገር ይክፈቱለት። ከዚያ በፊት ግን የተቋረጠውን ዘፈን ቁጥር በወረቀት ይጻፉ፤ ካሴት ከሆነ የቴፑን ቁጥር መቁጠሪያ ያንብቡ፣ መቁጠሪያ ከሌለውም ካሴቱን ሳያጠነጥኑ አውጥተው ለብቻው ያስቀምጡ። ደንበኛው ሲሄድ ያንኑ ዘፈን ከመነሻው ያስጀምሩ። በአንድ አልበም ከሦስት ጊዜ በላይ ከተቋረጡ የዚያን ቀን ማዳመጥ ይተዉትና በማግሥቱ ከመጀመሪያው ዘፈን ይነሡ።

የዘፈኑን ስም የማያውቅ ደንበኛ ሲመጣ አልበም በተራው የሰማ ሻጭ ጥቅሙ ይታያል። አንድ አዛውንት ባንኮኒውን ተደግፈው «ያ እንኳ፣ ክራሩ መሃል ላይ ብቻውን የሚቀርበት» ብለው ዝም ይላሉ። በዚህ ጊዜ የዘፋኝ ስም እየጠሩ ማስገመት ሰውየውን ያደናግራቸዋል። «ጋሼ፣ እስቲ አዝማቹን ትንሽ ያንጎራጉሩልኝ» ብለው ይጠይቁ፤ ቃሉን ቢረሱት ዜማውን አይረሱትም። ከዜማው ቅኝቱን ይለያሉ፤ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል ወይስ አንቺ ሆዬ መሆኑ ከታወቀ የሚፈለገው ካሴት ከመደርደሪያው ግማሽ ወደ ጥቂቶች ይወርዳል። ቀጥሎ «ይህን የሚሰሙት በካሴት ነበር ወይስ በሸክላ?» ብለው ይጠይቁ፤ መልሱ ዘመኑን ይነግርዎታል። እንዲህ ተፈልጎ የተገኘ ካሴት ዋጋ ላይ የሚከራከር ደንበኛ አልገጠመኝም።

የማስታወሻ ደብተሩ

ለእያንዳንዱ የተደመጠ አልበም የደብተሩን አንድ ገጽ ይስጡ። ከላይ የዘፋኙን ስም፣ የአልበሙን ርዕስ፣ ባንዱን፣ ሽፋኑ ላይ ካለም የግጥም፣ የዜማና የቅንብር ሠሪዎችን ይጻፉ። ከሥር ለእያንዳንዱ ዘፈን አንድ መስመር ይበቃል፤ በመስመሩ ላይ የሚሰፍረው በመጀመሪያ የአዝማቹ መነሻ ቃላት ነው፣ ርዕሱ አይደለም። ሕዝቡ ዘፈንን የሚጠራው በአዝማቹ ነው፤ አንዱ ርዕስ ደግሞ በብዙ ዘፋኞች አልበም ላይ ስለሚደጋገም ብቻውን መንገድ አያሳይም። ከአዝማቹ ቀጥሎ ቅኝቱን፣ ምቱ ችክችካ መሆን አለመሆኑን፣ ጎልቶ የሚሰማውን መሣሪያና ደንበኛ ሊያስታውሰው የሚችለውን አንድ ነገር ይጻፉ። ምሳሌ ብሰጥ፦ «ገጽ ሁለት፣ 3ኛ፤ ትዝታ፤ ዝግ ያለ፤ ማሲንቆ ይከፍታል፤ እናቱን ይጠራል፤ መጨረሻው ላይ እልልታ አለ» የሚል መስመር ከረጅም ሐተታ የበለጠ ሥራ ይሠራል። «በጣም ጥሩ» እና «አሪፍ» የሚሉትን ቃላት ከደብተሩ ማራቅ ተገቢ ነው፤ ከስድስት ወር በኋላ ምንም አይነግሩም።

መጻፍ ያለበት ዘፈኑ እየተጫወተ ሳለ ሳይሆን በዘፈኖች መካከል ባለው ጸጥታ ነው። ጊዜው ካልበቃ ቅኝቱን ብቻ ይጻፉና ሌላውን በሁለተኛው ዙር ያሟሉ፤ ማንኛውም አልበም ሁለተኛ ዙር ይገባዋል፣ በአንድ ዙር ተፈርዶበት የተጣለ አልበም በሳምንቱ ሲፈለግ ብዙ አይቻለሁና።

ጎረቤትና ወቅት

ጎንደር ውስጥ ሙዚቃ ቤት በድምፁ የአካባቢው ነዋሪ ነው። ቀብር ሲያልፍ ሙዚቃው ዝቅ አይልም፣ ይጠፋል፤ ሰልፉ ከዓይን እስኪሰወርም አይከፈትም። በአዛን ሰዓትና አጠገብ ባለ ቤት ለቅሶ በተቀመጡበት ቀናት ድምፁ ከሱቁ ደፍ እንዳያልፍ ያድርጉ።

በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ውስጥ ብዙ ሙዚቃ ቤት ዘፈን ትቶ መዝሙርና በገና ያሰማል። ይህ ለማዳመጥ የተሻለው ወቅት ነው፤ ደንበኛ ይቀንሳል፣ ሥራው ይረጋል። በገናን ለማዳመጥ ግን ትንሹ ስፒከር አይበቃም። አሥሩ አውታሮች ድልድዩ ላይ የሚያርፉት በቁራጭ ቆዳ ላይ ስለሆነ የሚሰጡት ድምፅ ዝቅ ያለና የሚነዝር ነው፤ የስልክ ድምፅ ማጉያ ንዝረቱን እንጂ መሠረቱን አያወጣም። በትልቁ ስፒከር በዝቅተኛ መጠን ያጫውቱት። የዓለሙ አጋ የበገና ቅጂ በ«ኢትዮጲክስ» 11ኛ ቁጥር ይገኛል። ከእርሱ ቀጥሎ የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን የፒያኖ ሥራዎች፣ የተከታታዩን 21ኛ ቁጥር፣ ያስከትሉ። እማሆይ በ1960ዎቹ፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ጎንደር ተቀምጠው የቅዱስ ያሬድን ዜማ ሲማሩ፣ ደጅ የሚያድሩትን የአብነት ተማሪዎች ችግር አይተው ለእነርሱ መርጃ እንዲሆን ሸክላ ለማስቀረጽ ተነሥተዋል፤ የመጀመሪያው ሸክላም ጀርመን ውስጥ ተቀርጿል። ቆሎ ተማሪ በየበሩ «በእንተ ስማ ለማርያም» በሚልበት ከተማ ውስጥ ይህን ለደንበኛ መንገር ከሽፋኑ ላይ ካለው ጽሑፍ ይልቅ ያሳምናል።

ሱቁ ሲዘጋ

በመጨረሻ ካሴቶቹን እስከ ጫፍ አጠንጥነው ወደ ሣጥናቸው ይመልሱ፤ በመሃል የተተወ ክር ለሙቀትና ለአቧራ ይጋለጣል። ሸክላ በማጫወቻው ላይ፣ ሲዲም በማጫወቻው ውስጥ አያሳድሩ። ማታ የሚተካ ባልደረባ ካለ የተቋረጠውን አልበም ከነወረቀቱ ባንኮኒው ሥር አስቀምጠው ከየትኛው ዘፈን እንደቀረ ይንገሩት፤ እርሱ ግን ከዚያ እንዲቀጥል አይጠበቅበትም፣ የራሱን ከመጀመሪያው ይጀምር። ከዚያ ሁሉንም መሣሪያ ከሶኬት ነቅለው፣ ሸክላ ማጫወቻውን በጨርቅ ሸፍነው ይዝጉ።